የዕጣው ቀን ማንጎ

ራምፓይ የኮኮናቱን ወተት አማስላ ጨው ልትጨምርበት ስትል፣ ባሏ ቡንሎት ከሳንቃው ግድግዳ ወዲያ ሆኖ የሟች እህቷን ልጅ ፑምን ሲያናግረው ሰማች።

"በፈቃዴ እገባለሁ ብለህ እጅህን አውጣ" ይለዋል። "ዕጣው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቃሉ። አንተ ከገባህ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ቀይ ካርድ፣ አንድ የወታደር ዕጣ ይጎድላል። ያ የሚጎድለው ቀይ የኤክ ሊሆን ይችል ነበር። ገባህ?"

ቡንሎት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በዚህ ቤት ስታድግ፣ አንድ ቀን ይህን በላህ፣ ይህን ለበስክ ብዬህ አውቃለሁ?"

"አያውቁም፣ ጋሼ።"

"ኤክ ለዚህ ነገር አልተፈጠረም። ታውቀዋለህ፤ ውሻ ሲጮህበት መንገድ የሚቀይር ልጅ ነው። አንተ ሥራ የለመድክ፣ ትከሻህ የጠና ነህ። ለአክስትህ ስትል አድርገው።"

ከዚህ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። ራምፓይ ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ እንዳቆመች ቀረች። ከቤቱ ሥር የቦዩ ውሃ ምሰሶዎቹን ሲልስ ይሰማል፤ ከላይ ጣሪያው ላይ ርግቦች ይራመዳሉ። በመጨረሻ ፑም "እሺ፣ ጋሼ" አለ።

"ለአክስትህ ስትል" የተባለችው እሷ ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር አድርጉልኝ ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ግድግዳው ጣት የማይሞላ ሳንቃ ነው፤ በሩም በር አይደለም፣ መጋረጃ ነው። እጇን ዘርግታ ብትገልጠው ሁለቱ ወንዶች ፊት ለፊቷ ነበሩ። አልገለጠችውም። ወተቱ ክፉኛ ከፈላ ይቋጠራል፤ ስለዚህ እሳቱን ቀነሰች፣ ጨዉን ጨመረች፣ ቀመሰች። ምን ምን እንደሚል አላወቀችም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አለመሆኑ ነው። ከሚያዝያው አዲስ ዓመት ቀድሞ የሚውለው የውትድርና ዕጣ ቀን ከተነገረ ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ተቋጥሮ የከረመ ነገር ነበር፤ እሱ ላላ አለላት። ልጇ ኤክ ሊተርፍ ይችላል። ይህን ካሰበች በኋላ ነው ፑም ትዝ ያላት።

ሩዙ ሲዘፈዘፍ አድሮ በቀርከሃው ቅርጫት ውስጥ በእንፋሎት በስሏል። ትኩስ እንዳለ ወደ ትልቁ ሳህን ገለበጠችው። ስኳር የተፈታበትን የኮኮናት ወተት አፈሰሰችበት፤ ፍሬው እንዳይደቅ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብላ አገላበጠችና በሙዝ ቅጠል ከደነችው። ይህን ሥራ ለፑም ያስተማረችው ገና እግሩ ከበርጩማው ላይ መሬት በማይደርስበት ዕድሜው ነው። "ሩዝ ከቀዘቀዘ ወተት አይጠጣም፣ በትኩሱ ስጠው" ስትለው ቅጠሉን ይዞ ይጠብቃት ነበር። ኤክንም ልታስተምረው ሞክራ ነበር፤ እሱ ግን እንፋሎቱ ዓይኔን አቃጠለኝ ብሎ ወጣ፣ እሷም ስቃ ተወችው። ሦስት ፅንስ ከወረዳት በኋላ የተወለደ አንድ ልጇ ነው። ዓይኑን ሲያቃጥለው ማየት አትችልም ነበር። ቡንሎት በወደብ ሥራ ላይ ወገቡ ተሰብሮ የተኛ ጊዜ፣ የጣፋጩን ጋሪ ገበያ ድረስ የሚገፋ ሰው ጠፋና ከሁለቱ አንዱ ትምህርቱን ማቋረጥ ነበረበት። ያን ጊዜም ብዙ አልተነጋገሩም። ፑም ደብተሩን ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተተና ጋሪውን ያዘ። ኤክ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ስለዚህ ኤክ ዛሬ ቀይ ቢወጣለት የሚያገለግለው አንድ ዓመት ነው፤ በፈቃዱ ቢገባ ደግሞ ስድስት ወር ብቻ። ምስክር ወረቀት የሌለው ፑም ግን በዕጣም ገባ በፈቃዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ይጠብቀዋል። ቡንሎት ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ባለፈው ዝናብ ከሰፈራችን ወደ ደቡብ ጠረፍ የተላከው የልብስ ሰፊዋ ልጅ በባንዲራ ተጠቅልሎ እንደመጣም ሁሉም ያውቃል።

ቁርስ ላይ አራቱም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው፤ ወንድማማቾቹ (በሰፈራችን ማንም የአክስት ልጅ ብሎ አይጠራቸውም፣ ወንድማማች ነው የሚላቸው) ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተኙበት ፍራሽ ግድግዳው ጋ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቡንሎት የወትሮው ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የማይናገረው ሰውዬ ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ማንጎ ዘንድሮ ኪሎው መቶ ባት መግባቱን አወራ፣ ነጋዴዎቹ ደህና ደህናውን ወደ ቻይና እየጫኑት ለእኛ የሚቀረው የወደቀው ነው ብሎ አማረረ። ማንም አልመለሰለትም። ራምፓይ ከተላጠው ማንጎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳህኖች ለልጆቹ አቀረበች፤ ሩዙ ላይ ወፍራሙን ወተት አፈሰሰች፣ የተቆላ ማሾ ነሰነሰች። ኤክ አንገቱ ላይ ያሰረውን የቡድሃ ክታብ እየነካካ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አዞረው። ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

"ቀይ ካወጣሁ ሞተር ሳይክሌን ውሰድ" አለው ፑምን። "ብሬኩ ግን እንደ አባባ ነው፤ ካልጮኸ አይይዝም።"

ፑም ሳቀ። "አንተ ቀይ አታወጣም" አለው።

"በምን አወቅክ?"

"እጅህ ደካማ ነው። ቀዩ ከሥር ነው የሚሆነው፤ እስከዚያ አትደርስም።"

ኤክም ሳቀ። ቡንሎት ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። ፑም የቀረበለትን አንድ ፍሬ ሩዝ ሳያስቀር በላ፤ ተነሥቶ ሳህኑን አጠበ፤ ከዚያ የኤክን ሳህን አየና "አትበላውም? እንግዲያው ለእኔ" ብሎ የተረፈውንም በላ። ራምፓይ ጓዳ ውስጥ ገብታ ማንጎዎቹን በቅርጫት ደረደረች። አንዱን አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ መልሳ አስቀመጠች፤ ደግማ ያንኑ አነሣች።

ዕጣው የሚወጣው በወረዳችን ትምህርት ቤት፣ ግድግዳ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ጣፋጭ ይሸጣልና እሷም እንደየዓመቱ ጠረጴዛና ጥላ ይዛ ሄደች። በቦዩ ጀልባ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ልብስ ተኳሿ እትዬ ቻሊው ነበረች፤ የልጅ ልጇን ዕጣ ለማየት ትሄዳለች። እትዬ ቻሊው ስትፈራ የምታወራ ሴት ናት።

"አንቺስ ታድለሻል" አለቻት። "ሁለት ትኬት ነው የቆረጥሽው። አንዱ ቢወድቅብሽ ሌላው ይቀርልሻል። እኔ አንድ አለችኝ፣ እሷም የተቀደደች።"

"እንዲህ አይባልም፣ እትዬ።"

"ምን ይባላል ታዲያ? ሁለቱም የአንቺ ናቸው። እናቱ ሱዳ ብትኖር ይህን ያህል አታሳድገውም ነበር። ሁሉም ሰው የሚለው ነው።"

ራምፓይ ወደ ውሃው አየች። ታናሽ እህቷ ሱዳ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች ምንም አደራ አላለቻትም። ልጁን ከአጠገቧ አንሥታ በራምፓይ እግር ሥር አስቀመጠችውና "ማንጎ ይወዳል" ብቻ ነበር ያለቻት። ጀልባው ፊት ላይ ፑም ቅርጫቱን በትከሻው እንደያዘ ቆሟል፤ ማረፊያ ቦታ ነበረ፣ አላስቀመጠውም። ትከሻው ላይ ከሚሠራበት ብየዳ ቤት የተረፈው የፍንጣሪ ጠባሳ በሸሚዙ ቀዳዳ ይታያል። የብየዳ ቤቱ ጌታ ከአዲስ ዓመት በኋላ ባሕር ዳርቻ ካለው የመርከብ ፋብሪካ ሊያስገባው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ፑም ወሬውን ሲነግራት ድስቱን ከእጇ ተቀብሎ ጨፍሯል። በዚህ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ አፏን ልትከፍት ፈለገች። ጀልባው ላይ ግን ሰው ሞልቷል፣ ቡንሎትም ከኋላዋ ተቀምጧል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነበር። ወጣቶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው በሰልፍ ቁመታቸውንና ደረታቸውን ያስለካሉ፤ ከመካከላቸው ብጫ የለበሱ ወጣት መነኮሳትም ነበሩ፣ ዕጣው ለእነሱም አይቀርም። እናቶች ከተወጠረው ገመድ ወዲህ ተጨናንቀዋል፤ አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ በስልኳ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ አንዷ ባሏን ትጨቀጭቃለች። ፑም ጥላውን ተክሎ፣ ጠረጴዛውን አስተካክሎ፣ በረዶውን አፈሰሰላት። ቡንሎት ከኤክ ጋር ወደ ሰልፉ ሄዷል። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ፑም" አለችው።

"አቤት፣ አክስቴ።"

አየችው። እጁን የጥላው ምሰሶ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል፤ "አታድርገው" ነው፣ አንድ ቃል ነው። ከቃሉ ኋላ ግን ኤክ ቆሟል፤ ሣጥን ውስጥ እጁን የሰደደ፣ አንገቱ ላይ ክታቡ የሚንቀጠቀጥ።

"ቁርስ በቃህ?" አለችው።

"በላሁ እኮ። የሁለት ሰው።" ትንሽ ጠበቀ። ከምሰሶው ላይ እጁን አነሣ። "እንግዲህ ልሂድ" አለና ሄደ።

ማንጎ መላጥ ጀመረች። ሰው ይመጣል፣ ትቆርጣለች፣ ሩዝ ትዝቃለች፣ ወተት ታፈሳለች። የሚገዙት እናቶች ናቸው፤ ገዝተው አይበሉትም፣ ይዘውት ይቆማሉ። አንዲት ሴት ሳህኑን እንደያዘች "ያንቺም እዚያ ውስጥ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ራምፓይ "አዎ" አለች። "ስንት ነው ያለሽ?" "ሁለት" ልትል ስትል አንድ ሌላ ገዢ መጣና መልሱ ቀረ። እጇ ላይ የማንጎው ውሃ ደርቆ ጣቶቿ ተጣበቁ። ከአዳራሹ በድምፅ ማጉያ ስም እየተጠራ፣ ቁመቱ ያነሰ እየተሰናበተ፣ የታመመ እየተሰናበተ ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ወጣች።

ከዚያ በዕድሜ የገፋ አንድ መኮንን ማጉያውን ያዘ። "አሁን በፈቃዱ መግባት የሚፈልግ ወደ ፊት ይምጣ" አለ። "በኋላ ቀይ አውጥታችሁ፣ ምነው በፈቃዴ በገባሁ ብላችሁ ብታለቅሱ መሀረብ የለኝም።" ሰዉ ሳቀ። ጥቂት ልጆች ተነሥተው ሄዱ፤ አንዱ የወንድሙን ጀርባ መታ አድርጎ፣ አንዱ እየተገፋ። ፑም ወለሉ ላይ ከኤክ አጠገብ ተቀምጧል። አልተነሣም። ራምፓይ ቢላዋዋን እንደያዘች ቆማ አየችው። ሊቀር ነው ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ ወዲያውም ፈራች፤ ከቀረ ያ ቀይ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ይህን እንደፈራች ራሷን ያዘችው። ሌላ ሰው ሲሰርቅ እንደሚያዝ፣ እጅ ከፍንጅ። በዚያችው ቅጽበት ፑም ከወለሉ ላይ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ወደ ጠረጴዛው መራመድ ጀመረ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ገመዱን በእጇ ዝቅ አድርጋ ተሻገረችው። አንድ ወታደር "እናት፣ ከገመዱ ወዲያ" አላት፤ አልሰማችም። መኮንኑ ጠረጴዛ ፊት ስትደርስ አንዱ ጫማዋ እግሯ ላይ አልነበረም።

"ይህ ልጅ በፈቃዱ አይደለም" አለች።

መኮንኑ መነጽሩን ከፍ አደረገ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው። ፑምን "አንተ፣ ማን አስገደደህ?" አለው።

"ማንም፣ ጌታዬ።"

"እናትህ ናት?"

ፑም አያት። "አክስቴ ናት። አስባልኝ ነው።"

እጁን ያዘችው። ጣቶቿ ስለሚጣበቁ እጁን ለማውጣት ቢፈልግ እንኳ የሚወጣ አይመስልም ነበር። "ተው" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰምቻለሁ። ጠዋት እሱ ያለህን ሰምቻለሁ።"

ፑም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "አውቃለሁ" አላት። "ማማሰያሽ ሲቆም ሰምቼዋለሁ። ትመጫለሽ ብዬ ጠብቄሽ ነበር። ጠዋት ነበር፣ አክስቴ። አሁን ተመለሺ፣ ሩዙን ዝንብ ወረረው።"

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብትፈልግ አጣች። ቁጣ ቢኖር ትይዘው ነበር፣ ትለምነው ነበር። እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀና ጎንበስ ብሎ ፈረመ። ወታደሩ ክንዷን ይዞ ሲመልሳት ወደ ልጆቹ መደዳ ዞረች። ኤክ ቀና ብሎ ነበር። ከሰዉ ጫጫታ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሰማ አታውቅም፤ ፊቱን አይታ ግን የሚያስፈልገውን ያህል እንደሰማ አወቀች። በፈቃዱ ለመግባት ጊዜው ገና አላለፈም፤ መኮንኑ ማጉያውን እንደያዘ "ሌላ አለ? ሌላ?" ይላል። ኤክ አንድ ጉልበቱን አነሣ። ቡንሎት ከገመዱ ወዲያ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ጫን አደረገው፤ ከባድ እጅ አልነበረም። ኤክ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ወለሉን ብቻ አየ።

ዕጣው ተጀመረ። አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ባዶ መዳፋቸውን ለሕዝብ አሳይተው፣ እጃቸውን ሣጥኑ ውስጥ ይሰዳሉ። ጥቁር ሲወጣ ጩኸትና ጭብጨባ፤ ቀይ ሲወጣ መጀመሪያ ጸጥታ፣ ከዚያ ከሰዉ መሀል የአንዲት ሴት ድምፅ። አንዱ መነኩሴ ቀይ አወጣና ካርዱን ትክ ብሎ አየው፣ ምንም ሳይል ተመልሶ በቦታው ተቀመጠ። የእትዬ ቻሊው የልጅ ልጅ ጥቁር አወጣ፤ አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ጫማ የጠፋበትን የራምፓይን እግር ይዛ ነበር። ኤክ በሙሉ ስሙ ሲጠራ ራምፓይ ዓይኗን ጨፈነች። አልጸለየችም። በዚያ ሰዓት ምን ብላ ትጸልይ? ማጉያው "ጥቁር" አለ።

የምትፈራው ነገር ደረሰ፤ ደስ አላት። ዕንባዋ ወረደ፣ ኤክ እየሮጠ መጥቶ ሲያቅፋት ጀርባውን፣ ማጅራቱን፣ ጆሮውን ዳበሰች። "ተረፍኩ እማዬ" ይላል። "ተረፍኩ።" ሰውነቷ ደስ ብሎታል፤ ሰውነቷን መከልከል አልቻለችም። በኤክ ትከሻ በኩል ግን በፈቃዳቸው የገቡት የተቀመጡበት አግዳሚ ይታያታል። ፑም አንድ ወታደር የሰጠውን ውሃ እየጠጣ ወደ እነሱ ያያል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ የውሃውን ጠርሙስ ትንሽ ከፍ አደረገላት፤ እንኳን ደስ አለሽ እንደማለት። ቡንሎት በበኩሉ ወገቡን ይዞ ይስቃል፣ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ይጨብጣል።

የገቡትም የሚጠሩበት ቀን እስኪደርስ ቤታቸው ይቆያሉና፣ ወደ ቤት ሲመለሱ አራቱም በአንድ ጀልባ ነበሩ። ኤክ "ፑም ለምን እንዲህ አደረግህ?" ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። ፑም ከመናገሩ በፊት ቡንሎት "ወንድ ልጅ አይደል? አገሩን ወዶ ነው" አለ። ፑም "ደግሞ ምግቡ ነፃ ነው" ብሎ ጨመረ። ኤክ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ሰፈር ሲደርሱ ቡንሎት ከድልድዩ ሥር የተጠበሰ ዶሮና ቢራ ገዛ፤ የሚያገኘውን ሁሉ "ኑ፣ ኑ፣ ልጄ ተርፏል" እያለ ጠራ።

እኛም መጣን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ቦዩ ዳር ባለው መደዳ ቤት ያለን ሁሉ ሳህን ይዘን ምንጣፉ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ራምፓይ ጓዳ ውስጥ ከተረፈው ሩዝ ትዝቃለች፣ ማንጎ ትቆርጣለች፤ ቡንሎት ከወዲያ ሆኖ "አንዱ በዕጣ ወጣልኝ፣ አንዱ በጀግንነት ገባልኝ" ሲል ሰማች። አንዱ ጎረቤት "እንዲህ ያለ ልጅ ነው እንጂ!" አለ። "ሌላው በሽተኛ ነኝ ብሎ ወረቀት ሲያሠራ ይህ ራሱ ሄደ።" ፑም መሀላችን ነበር፤ አንዱ ቢራ ሲሰጠው ተቀበለ፣ አንዱ ጀርባውን ሲመታው ጎንበስ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። ራምፓይ በጓዳው ቀዳዳ ያየችው ከፍራሹ ኋላ ቦርሳውን ሲያወጣ ነው። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ የብየዳ መነጽሩ። ግድግዳው ላይ ከቤተሰቡ ፎቶዎች መሀል የእናቱን ፎቶ ከነምስማሩ ነቀለ። በኋላ በር በኩል ባለው መሰላል ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደ።

የያዘችውን ማንጎ ጣለችው። ስትደርስ ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።

"የጥሪው ቀን ገና ነው" አለችው። "እስከዚያ ቤትህ ነው።"

"ብየዳ ቤቱ ጋ አድራለሁ። ጌታዬ ቦታ አለው።"

"የመርከብ ፋብሪካውስ?"

"ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሁለት ዓመት ማን ይጠብቃል?"

"ምን ላድርግልህ?" አለችው። "የምትለኝን አደርጋለሁ። ተናገር።"

ፑም አሰበ፤ የምር አሰበ፣ ሊያገኝላት የፈለገ ይመስል። "ምንም የለም" አለ። ጀልባዋ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ፑም ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ሁለቱን መዳፎቹን ግንባሩ ላይ አጋጠመና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላምታ ለእሷ ሰጥቶ አያውቅም፤ እሱ ከኋላዋ መጥቶ አንገቷን የሚያቅፍ ልጅ ነበር። ለመምህር፣ ለመኮንን፣ ለሰው እናት የሚሰጥ ሰላምታ ነው። ከዚያ ጀልባዋ ላይ ዘለለ። ሞተሩ ውሃውን አናወጠው፤ የቦዩ ውሃ ሳንቃውን ዘልሎ ባዶ እግሯን አራሰው። "ስትጠራ ልምጣ?" ብላ ጠየቀችው። ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ተመልሳ ስትገባ ሁላችንም ዞረን አየናት። እጇ እስከ ክርኗ ማንጎ ነው፣ የቀሚሷ ጫፍ ይንጠባጠባል። ቡንሎት "ሩዝ አለቀ እንዴ? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ" አላት። እትዬ ቻሊው ማንኪያዋን ከአፏ አውጥታ "ጀግናችንስ የት ሄደ?" ብላ ጠየቀች።

"አባረርነው" አለች ራምፓይ።

መጀመሪያ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ ድምጿም ከፍ አላለም። አንዱ ለመሳቅ አፉን ከፈተና ዘጋው። ቡንሎት "ደክሟታል" አለ፤ ወደ ማንም ሳያይ ነው ያለው። "ደክሞኛል" አለች እሷም። "ጠዋት ግን አልደከመኝም ነበር። አንተ ስትነግረው እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እሰማ ነበር።" እትዬ ቻሊው ሳህኗን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ሌሎቻችንም አስቀመጥን። አንድ በአንድ ተነሥተን፣ ለቤቱ ጌታ ሰላምታ የሰጠንም ያልሰጠንም፣ በደረጃው ወረድን፤ ዶሮው ሳይነካ ቀረ። እኔ ከመጨረሻዎቹ ነበርኩ።

ኤክ ጥግ ላይ ፍራሹን ተደግፎ ቆሟል። ጥቁሯን ካርድ አሁንም በእጁ ይዟል፣ በላብ ርሳለች። "ወዴት ነው የሄደው?" ብሎ እናቱን ጠየቃት።

ነገረችው። ብየዳ ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው፣ በሞተር ሳይክል ሩቅ አይደለም። ኤክ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አወረደ፣ ጫማውን አደረገ፣ እስከ በሩ ሄደ። ራምፓይ ምንም አላለችውም፤ አባቱም አላለውም። እኔ ደረጃውን ወርጄ፣ መደዳውን አቋርጬ፣ ቤቴ ደጃፍ ደርሼ ዞር ብዬ ሳይ ኤክ በሩ ላይ ነበር። ቁልፉን ይዞ እዚያው ቆሟል።